ካዲላክ ወይስ ማርቸዲስ? በጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን ለአሮጌ መኪና ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር



ከጀፒ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከሜይፌርና ከፕሪቶሪያ የምሽቱን የመኪና ግፊያ ችላችሁ እዚህ ዱርንፎንቴን ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ። ምሽቱን ያሰናዱት ወገኖች ለተናጋሪው ያቀረቡት ጥያቄ አጭር ነው። ላቡን አንጠፍጥፎ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ፣ የአሮጌ የቅንጦት መኪና ፍቅር ያደረበት ሰው የአሜሪካውን ይግዛ ወይስ የጀርመኑን? ጥያቄው በዚህ ሰፈር መነሣቱ ደግ ነው። በ1886 ወርቅ ከተገኘ በኋላ የማዕድን ከበርቴዎች የመጀመሪያ ቪላዎቻቸውን ከሠሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ይኸው ዱርንፎንቴን ነበር። እነሱ ወደ ፓርክታውን ኮረብታ ሲወጡ ሰፈሩ ለስደተኛ፣ ለወርክሾፕና ለጋራዥ ቀረ። ዛሬ ከኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ዙሪያ ባሉት መንገዶች የላሜራ ምትና የቀለም ሽታ ያላጋጠመው ከእናንተ መካከል አይገኝም።

የዲስኩሩ ሐሳብ ከወዲሁ ይታወቅ። አሮጌ መኪና ሊሰበስብ የተነሣ ሰው ከመልኩም ከስሙም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። በምኖርበት ከተማ ይህን ሞተር የሚያውቅ እጅ አለ ወይ? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ታሪኩን የሚመሰክር ወረቀትስ አለ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እየተደጋገሙ ይመጣሉና ያዙልን። በቅድሚያ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው ይቀርባሉ፤ ቀጥሎ ፖለቲካ በመኪኖቹ ዕጣ ላይ ምን እንዳደረገ ይነገራል፤ ከዚያ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይታያል፤ በመጨረሻም ምርጫው በግልጽ ይቀመጣል። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሜሪካው እንጀምር።

ዛሬ ሁላችሁም ቁልፍ አዙራችሁ ሞተር የምታስነሡበት ሞተሪኖ በ1912 ካዲላክ ላይ ነው በመደበኛነት የተገጠመው። ከዚያ በፊት ሹፌሩ ከፊት ቆሞ ማኑቬላ ያሽከረክር ነበር፤ ማኑቬላው ወደ ኋላ ሲመልስ ክንድ የተሰበረበትም ብዙ ነው። በ1914 ያው ኩባንያ ስምንት ፒስተን ያለውን ሞተር ለብዙ ገዢ አቀረበ፤ በ1930 ደግሞ አሥራ ስድስት ፒስተን ያለው ሞተር ይዞ ብቅ አለ። ፓካርድ ገና በ1915 አሥራ ሁለት ፒስተን ይሸጥ ነበር። ይህ የሚነገረው ብዙ ሰው የአሜሪካን መኪና ትልቅና አብረቅራቂ ብቻ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ዓለም ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚቆጥራቸው ብዙ ምቾቶች መጀመሪያ ዲትሮይት ላይ ተፈትነዋል።

ትልቅነቱና አብረቅራቂነቱም ግን እውነት ነው፤ ሊታፈርበትም አይገባም። የ1959 ካዲላክ ከፓራውልት እስከ ፓራውልት 5.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከኋላ እንደ ጄት ክንፍ የቆሙት ሁለት ክንፎች፣ በየክንፉ ላይ እንደ ጥይት የሾሉት መንታ ቀይ መብራቶች፣ 6.4 ሊትር የሚሆነው ሞተር፣ ሁሉም የሚናገረው ስለ አንድ ዘመን ነው። አሜሪካ ከጦርነቱ ሀብታም ሆና ወጥታለች፣ ነዳጅ ርካሽ ነው፣ አውራ ጎዳና እየተዘረጋ ነው፣ ፋብሪካው በየዓመቱ የመኪናውን መልክ እየቀየረ ያለፈው ዓመት ሞዴል ያረጀ እንዲመስል ያደርጋል። ዓመታዊው ለውጥ ለሰብሳቢ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፣ ከሩቅ አይቶ ዓመቱን መጥራት ይቻላል፣ ይህም ትልቅ ደስታ ነው። ሁለተኛ፣ የ1959ኙ መብራት ለ1960ው አይሆንም፤ የውጭ ጌጡ ከጠፋ ፍለጋው ረጅም ነው።

የሊንከን ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ይቀርባል። በ1961 ኤልውድ ኤንግል የነደፈው ሊንከን ኮንቲኔንታል ክንፉን ሁሉ ጥሎ ቀጥ ያለ፣ ጭምት መስመር ይዞ መጣ። የፊትና የኋላ በሮቹ እንደ ቁምሣጥን ትይዩ ይከፈታሉ። እያንዳንዱ መኪና ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት መንገድ ላይ ይነዳና ይፈተሽ ነበር፤ ኩባንያው የሁለት ዓመት ዋስትና የሰጠውም በዚህ ተማምኖ ነው። መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው በክፍት ሊንከን ኮንቲኔንታል በሕዝቡ መካከል አልፈዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ዳላስ ውስጥ በክፍት ሊንከን ላይ እንዳሉ ተገደሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብሩ ተመልሰው ሄዱ። ያ ፕሬዚዳንታዊ መኪና በኋላ ጥይት እንዳይበሳው ሆኖ ታድሶ እስከ 1977 አገልግሏል፤ አሁን ሚሽጋን ውስጥ፣ ዲርቦርን ከተማ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል።

ወደ ጀርመኑ ስንሻገር መንፈሱ ይለወጣል። ዳይምለር ቤንዝ መልክ ለመቀየር አይቸኩልም፤ አንድን ሞዴል አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እያሻሻለ ይሠራል። የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ ማርቸዲስ 600 ነው። ከ1963 እስከ 1981 ድረስ በጠቅላላው 2,677 ብቻ ተሠሩ። ርዕሳነ ብሔራትና ባለጸጎች የተሻሙበት መኪና ነው። የካዲላክ መስኮት በኤሌክትሪክ ሞተር ሲወጣና ሲወርድ የ600ው ግን በዘይት ግፊት ይሠራል። መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን፣ የበሩ መዘጋት ሳይቀር በ150 ባር ግፊት ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዳች ድምፅ አይሰማም። ጣት መስኮቱ ላይ ከተረሳ ግን ወዮለት። ከ40 ዓመት በኋላ ያ ቀጭን የዘይት ቧንቧ ሁሉ በየመጋጠሚያው መንጠባጠብ ሲጀምር የጥገናው ሂሳብ ሌላ መኪና ይገዛል። በተናጋሪው እምነት 600 ለማየት ግሩም፣ ለመያዝ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ መኪና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ዛሬ በጨረታ ገበያ ዋጋቸው ሰማይ የነካ የጀርመን መኪኖች የተወለዱት በአሜሪካ ገንዘብ ነው። ቪየና ተወልዶ ኒውዮርክ ውስጥ የአውሮፓ መኪና ያስመጣ የነበረው ማክስ ሆፍማን ማርቸዲስን ወትውቶ ለአሜሪካ ሀብታሞች የሚሆን የስፖርት መኪና አሠራ። ውጤቱ በ1954 ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ የታየው 300 ኤስኤል ነው፤ በሮቹ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት። ከዚህ ዓይነቱ 1,400 ተሠርተው አብዛኞቹ አትላንቲክን ተሻገሩ። ቢ ኤም ደብሊውም 507 የተባለውን ውብ መኪና የሠራው በዚሁ ሰው ግፊት ነው፤ 250 ገደማ ከተሠሩ በኋላ ኪሳራው ኩባንያውን ራሱን ሊያጠፋው ደረሰ። እንግዲህ አሜሪካዊና ጀርመናዊ ብለን ስንለያቸው፣ አንዱ ገዢ ሌላው ሠሪ ሆነው የኖሩ መሆናቸውን ልብ እንበል።

ስለ ገንዘቡ ጣሪያም አንድ ነገር ይባልና ይለፍ። በግንቦት 2022 የ1955 ማርቸዲስ 300 ኤስኤልአር ኩፔ 135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ፤ በመኪና ታሪክ ከፍተኛው የጨረታ ዋጋ ሆነ። ከአሜሪካ በኩል በ2018 የ1935 ዱዘንበርግ 22 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። የእነዚህ ወሬ ለጋዜጣ ይበቃል። በዚህ አዳራሽ ያለውን ሰው የሚመለከተው ገበያ ሌላ ነው፤ ወደዚያ እንሂድ።

ሁለተኛው ነጥብ ፖለቲካ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስለ አሮጌ መኪና ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ግን መለዋወጫው ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ነው።

አሜሪካኖቹ እዚህ ሀገር ቀድመው ገብተዋል። ፎርድ በ1924 በፖርት ኤልሳቤጥ፣ ዛሬ ኬቤሃ በምትባለው የወደብ ከተማ፣ መኪና መገጣጠም ጀመረ። ጄኔራል ሞተርስ በ1926 ተከተለ። ለአሥርት ዓመታት የዚህ ሀገር መንገድ በሼቭሮሌት፣ በቢዩክና በፎርድ የተሞላ ነበር። ከዚያ አፓርታይድን በመቃወም የተነሣው የዓለም ግፊት መጣ። በጥቅምት 1986 የአሜሪካ ምክር ቤት የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ሽሮ የማዕቀብ ሕጉን አጸደቀ፤ በዚያው ወር ጄኔራል ሞተርስ ለመውጣት መወሰኑን አስታወቀ፤ ፎርድም ብዙ ሳይቆይ ድርሻውን ለቀቀ። ጀርመኖቹ ግን ቀሩ። ማርቸዲስ በኢስት ለንደን፣ ቢ ኤም ደብሊው ከፕሪቶሪያ ወጣ ብሎ በሮስሊን ሥራቸውን ቀጠሉ።

ይህ ሲነገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መቆየታቸው አያስመሰግናቸውም፤ መውጣት የጭቁኖች ጥያቄ ነበርና። ለሰብሳቢ የተረፈው ውጤት ግን ግልጽ ነው። የጀርመኑ መኪና የዕቃ መደብር፣ የሠለጠነ መካኒክ፣ የፋብሪካ መጽሐፍ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ አለ። የአሜሪካው የቅንጦት መኪና ግን ወላጅ አልባ ሆኖ ቀረ፤ ዕቃው በካታሎግ ተመርጦ ከአሜሪካ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ይመጣል።

በሀገር ቤትም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1977 ደርግ የአሜሪካኖቹን ቃኘው ጣቢያ ዘግቶ ከዋሽንግተን ጋር ሲቆራረጥ የአሜሪካ ዕቃ የሚመጣበት በር አብሮ ጠበበ። ጀርመናዊው ቮልስ፣ ጣሊያናዊው ፊያት፣ ኋላም የሩሲያው ላዳ በአዲስ አበባ ጎሚስታና ጋራዥ ውስጥ ቤተኛ ሲሆኑ፣ ትልልቆቹ አሜሪካውያን ግቢ ውስጥ ሣር በቀለባቸው። በሁለቱም ሀገር መኪናውን የገደለው ሞተሩ አልነበረም።

አሁን በዚህ ከተማ ያለ ሁሉ ሊያየው የሚገባ አንድ መኪና ይነሣ። በየካቲት 1990 ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ሲፈቱ የኢስት ለንደን የማርቸዲስ ፋብሪካ ሠራተኞች ስጦታ ሊሠሩላቸው ተነሡ። ኩባንያው ዕቃውን ሰጠ፤ ሠራተኞቹ ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓታቸውን ሰጡ። የተሠራው ደብሊው 126 በሚባለው ተከታታይ የሚጠቃለል ቀይ 500 ኤስኢ ነበር። በሐምሌ 1990 በምዳንትሳኔ፣ ሲሳ ዱካሼ ስታዲየም፣ በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ቁልፉን ተረከቡ። መኪናው ዛሬ እዚሁ ጆሃንስበርግ በአፓርታይድ ሙዚየም ይታያል። የዚያው ዓመት፣ የዚያው ዓይነት ሌላ 500 ኤስኢ በጥሩ ይዞታ ሊገዛ ይችላል፤ ያኛው ግን ዋጋ አይወጣለትም። ልዩነታቸው ብሎኑ ላይም ቀለሙ ላይም የለም። ማን ሠራው፣ ለማን፣ መቼ የሚለው በፎቶግራፍና በምስክር የተያዘ መሆኑ ላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ፣ የወረቀቱ ጥያቄ፣ ይህ ነው።

ስለ ወረቀት ከተነሣ አይቀር፣ የንጉሠ ነገሥቱን መጨረሻ ታስታውሳላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ሊንከን ላይ የተቀመጡት ሰው በታሪክ መዝገብ በአንዲት ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ይገኛሉ። በ1955 ለኢዮቤልዩአቸው የተሠራው ቤተ መንግሥት ታድሶ በቅርቡ ለሕዝብ ሲከፈት የንጉሡ መኪኖችም ለእይታ ቀርበዋል። አዲስ አበባ ስትሄዱ እዩአቸው። ስታዩአቸውም የትኛው መኪና በየትኛው ጉዞ እንደዋለ አስጎብኚውን ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ እንዲቀመጥም ጎትጉቱ። የሀገር ታሪክ በሊብሬና በጋራዥ ደረሰኝ ውስጥም ይገኛል፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ቤት ሲያጸዳ እነዚህን ነው መጀመሪያ የሚጥለው።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ኮፈኑን እንክፈት።

ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በወደብ ከተማ 100 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ 83 ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 77 ገደማ ይቀረዋል። ካርቡሬተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይለካል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የካዲላክና የሊንከን ትልቅ ካርቡሬተር ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ቤንዚን የሚያሳልፉት ትናንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ጠበብ ባሉ ይቀየራሉ። አንድ ጠመንጃ መፍቻ፣ አንድ ከሰዓት በኋላና ልምድ ያለው እጅ ይበቃል።

ጀርመኑ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ከ1963 እስከ 1971 የተሠራው፣ ጣሪያው መካከሉ ጎድጎድ ስላለ ፓጎዳ የሚል ስም የወጣለት ማርቸዲስ ኤስኤል፣ ቤንዚኑን የሚረጨው በቦሽ ሜካኒካል ፓምፕ ነው። በፓምፑ ላይ የአየሩን ግፊት የሚያውቅ ትንሽ ክፍል ተገጥሟል። መኪናው ተራራ ሲወጣ ክፍሉ ያብጥና ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል፤ ሹፌሩ ምንም አያደርግም። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ይህ መታሰቡ ያስደንቃል። ግን ያ ክፍል አንድ ቀን አየር ካስገባ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል፤ ፓምፑን ፈትቶ በትክክል የሚመልስ ሰው ደግሞ በአንድ ከተማ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የሚያውቅ እጅ አለ ወይ የሚለው፣ እዚህ ላይ ገንዘብ ሆኖ ይመነዘራል። የአሜሪካው ሞተር ሰፊ ነው፤ ብረቱ ወፍራም፣ አሠራሩ ግልጽ ነው፤ የጭነት መኪና ሞተር የሚፈታ መካኒክ ይደፍረዋል። የጀርመኑ ሞተር ብልህ ነው፤ ያላወቀው ሰው እጁን እንዲያስገባበት አይፈልግም።

ከአሜሪካው ራስ ምታት ብዙው ያለው ውጭው ላይ ነው። የሚያብረቀርቀው ጌጥ በአብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ የተቀዳ ነው፤ ከጊዜ ብዛት እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይቦረቦራል። መልሶ ለመንከር እያንዳንዱን ጉድጓድ መሙላት፣ መሞረድ፣ መወልወል ይጠይቃል፤ ሞተሩን ከማደስ የሚበልጥ ወጪ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ካዲላክ ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩን ለመስማት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጌጡን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ የጎደለውንና የተቦረቦረውን ጻፉ።

ማርቸዲስ ደብሊው 126 ሲገዛ ግን ተቃራኒው ነው። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስምንት ፒስተን ያለው የ500ው ሞተር ካቴናውን የሚመሩ የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች አሉት፤ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ። ሌሊቱን በርዶ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት በኩል የሰንሰለት መንኳኳት ከተሰማ መንሸራተቻው ሊሰበር ተቃርቦ ይሆናል፤ ተሰብሮ ካቴናው ከዘለለ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። ቀጥሎ ምንጣፉን ግለጡና ወለሉን እዩ፤ የኋላው መስታወት ጥግ ላይ ላሜራው አብጦ እንደሆነ በእጃችሁ ዳስሱ። የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅ ነው፤ መኪናው ዕድሜውን እዚህ ደጋ ላይ ከፈጀ ዝገቱ ያንሳል። ደርባን ወይም ሌላ ወደብ ላይ የኖረ ከሆነ ግን የባሕሩ ጨው ከሥር በልቶት ይሆናል። አገልግሎት ያገኘበትን ከተማ የሚነግራችሁ ደረሰኙ ነው።

የመሪው ነገር ደግሞ አለ። ደቡብ አፍሪካ ግራዋን ይዛ ትነዳለች፤ ማርቸዲስና ቢ ኤም ደብሊው ለዚህ ገበያ መሪውን በቀኝ አድርገው ከፋብሪካ አውጥተዋል። ከዲትሮይት በቀጥታ የመጣ ካዲላክና ሊንከን ግን መሪው በግራ ነው። ግራ መሪ መኪና እዚህ ለማስመዝገብ ሕጉ ጥብቅ ነውና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ ምዝገባ ክፍል ሂዱ። መሪው በኋላ ወደ ቀኝ የተዛወረለት አሜሪካዊ ሲቀርብላችሁም ሥራውን ማን እንደሠራው ሳይነገራችሁ አትግዙት።

መሪው በቀኝ መሆኑ የፈጠረው አንድ ድንቅ መኪና አለ፤ ስለ እሱ ሳይነገር ይህ ንግግር ሊያልቅ አይችልም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቢ ኤም ደብሊው በጀርመን የሸጠው ትልቁ 745አይ ቱርቦ ነበረው። ቱርቦው የተቀመጠው ግን በቀኝ በኩል፣ ልክ የቀኝ መሪ ዘንግ ማለፍ ባለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቀኝ መሪ 745አይ ሊሠራ አልቻለም። የሮስሊን ፋብሪካ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኤም 1 ከተባለው የስፖርት መኪና ዘር የመጣውን፣ ስድስት ፒስተንና 24 ቫልቭ ያለውን 3.5 ሊትር ሞተር በትልቁ የቅንጦት መኪና ውስጥ ገጠሙት። 286 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ በሌላ ሀገር ያልተሸጠ 745አይ ተወለደ። የተሠሩት 209 ናቸው። ከዚህ አዳራሽ በአንድ ሰዓት መንዳት በሚደረስ ፋብሪካ ውስጥ፣ በዚህ ሀገር ሠራተኞች እጅ ተገጥመው የዓለም ሰብሳቢ የሚመኛቸው ሆነዋል። በታውንሺፑ ጉሼሼ የሚባለው ካሬው ቢ ኤም ደብሊውም የዚሁ ፋብሪካ ልጅ ነው፤ ከእሱ ዘር 333አይ የተባለው በ1985 እና በ1987 መካከል 204 ብቻ ተሠርቷል። ገዢው ወይ የመሪ ማቅለያ ወይ የአየር ማቀዝቀዣ ይመርጥ ነበር እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አያገኝም፤ ሞተሩ ትልቅ በመሆኑ ቦታ አልተረፈም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው።

ጆሃንስበርግ ለሚኖርና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰበስብ ሰው ተናጋሪው የሚመክረው ጀርመኑን ነው፤ እሱም እዚሁ ሀገር የተገጣጠመውን። የኢስት ለንደን ደብሊው 126 ወይም ከሱ በፊት የነበረው ደብሊው 116 በሙሉ ደረሰኝ ከተገኘ፣ የሚያውቅ እጅ አለ፣ ዕቃ አለ፣ ታሪክም አለ። ከደብሊው 126 ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ተሠርተዋልና ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህም ዋጋው ገና አልራቀም። አቅም ያለው 745አይን ይፈልግ። ልቡ ወደ አሜሪካ ያደላ ሰው ደግሞ ልቡን አይጨቁን። መሪው ከመጀመሪያው በቀኝ የሆነ፣ ፖርት ኤልሳቤጥ የተገጣጠመ አሜሪካዊ ይፈልግ፤ ጌጡ ያልጎደለ ከሆነ ሞተሩ አያስጨንቀው። የ1960ዎቹን ሊንከን የሚመኝ ሰው ግን ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ወንድሙን ይጠይቅ፤ መኪናው በሀገሩ፣ በመካኒኩ መካከል ቢቀመጥ ይሻላል፤ ክረምት ላይ ጨው ከሚነሰነስበት መንገድ ብቻ ይራቅ።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ገዝቼ አንድ ቀን ሀገር ቤት አስገባዋለሁ ትላላችሁ። ይህን ሐሳብ በግልጽ መመርመር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኟን ይዛ ትነዳለች፤ የጆሃንስበርጉ ቀኝ መሪ ለዚያ መንገድ አልተሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ሀገር ቤት ያለው አሮጌ መኪና ቁጥሩ አይጨምርም፤ የሚቀንሰው ብቻ ነው። በየግቢው ሸራ ለብሶ የቆመው ማርቸዲስ፣ ጎማው የተነፈሰው ሼቭሮሌት፣ የአባት ቮልስ፣ ሁሉም ምትክ የላቸውም። እዚህ ያላችሁ ገንዘብ ላኪዎች ከጆሃንስበርግ መኪና ለመላክ ከማሰብ ይልቅ እዚያ ለቆመው መኪና መለዋወጫ ብትልኩ ሥራው ይጠቅማል፤ የማርቸዲስ ዕቃ እዚህ በሽበሽ ነው።

ማየት ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በላ ሮሼል የሚገኘው የጄምስ ሆል የትራንስፖርት ሙዚየም በ1964 የተመሠረተ ነው፤ ከበቅሎ ሠረገላ እስከ መኪና ያሳያል። በፕሪቶሪያ ዝዋርትኮፕስ በየዓመቱ የሚደረገው የአሮጌ መኪኖች ትርዒት ሁለቱንም ወገኖች ጎን ለጎን አቁሞ ያገናኛል። ኬፕ የሄደ ሰው የፍራንሽሁክን የመኪና ሙዚየም አይለፈው። በየቦታው ባለቤቶቹን አነጋግሩ፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ አይሰለችም፤ የትኛው መካኒክ የትኛውን ፓምፕ እንደሚያውቅ የሚነግራችሁም እሱ ነው።

አንድ ልመና ብቻ ቀርቷል። ሀገር ቤት ያለ አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጋሼ ብላችሁ የምትጠሩት ጎረቤት አሮጌ መኪና ካለው፣ በዚህ ሳምንት ደውሉለት። መኪናውን ከማን፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ዓመት እንደገዛው ጠይቁት፤ ድምፁን ቅዱት። የሊብሬውን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶግራፍ አስነሥታችሁ አስቀምጡ። ለማርቸዲስ በሻንሲ ቁጥሩ ብቻ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለምና የተገጠሙለትን ዕቃዎች ማጣራት ይቻላል፤ ለካዲላክም ከሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ሳህን የቀለሙንና የወንበሩን ኮድ ይዟል። ዛሬ ፎቶግራፍ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ቅረቡና አብረን እንይ፤ መድረኩም ለጥያቄያችሁ ክፍት ነው።